ሁለቱ ሚዛኖች ሲስማሙ ለምን እንጠራጠራለን

የጋላክሲ ዘለላ በሁለት ሚዛን ይመዘናል። አንደኛው ሚዛን በዘለላው ውስጥ የታፈነው ትኩስ ጋዝ ነው። ጋዙ እንዳይበተን የያዘው ስበት ስለሆነ፣ ሙቀቱና እፍጋቱ ስበቱ ምን ያህል እንደሆነ ይመሰክራሉ። ሁለተኛው ከዘለላው ጀርባ እጅግ ርቆ ካለ ጋላክሲ ተነስቶ፣ በዘለላው አጠገብ ሲያልፍ የሚጎብጠው ብርሃን ነው። በአይንስታይን ጠቅላላ አንጻራዊነት ሁለቱም አንድ መጠነ ቁስ ማሳየት አለባቸው። የስበት ሕጉ ሌላ ከሆነ ግን ጋዙና ብርሃኑ የተለያየ ስበት ሊሰማቸው ይችላል። ፈተናው ሲነገር ቀላል ነው፦ ሁለቱንም መመዘን፣ የጋዙን ውጤት ለብርሃኑ ውጤት ማካፈል፣ ውጤቱ 1 ከሆነ አይንስታይን አለፈ ማለት።

እኔ ግን ይበልጥ የምጠራጠረው ውጤቱ 1 ሲሆን ነው። ለምን እንደሆነ ለማየት እያንዳንዱን ሚዛን ፈትቶ ማየት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ፣ ለምን ዘለላ ተመረጠ? በፀሐይ ዙሪያ የአይንስታይን ሕግ በሚገባ ተፈትኗል። ከካሲኒ መንኮራኩር የመጣው የሬዲዮ ሞገድ በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ የደረሰበት መዘግየት ከስሌቱ ጋር እንደሚስማማ፣ ልዩነት ቢኖር እንኳ ከ100,000 ውስጥ 2 ያህል ብቻ እንደሚሆን በ2003 ታትሟል። ስለዚህ አዲስ የስበት ሕግ ይዞ የሚመጣ ሁሉ፣ ሕጉ በፀሐይ አካባቢ እንዴት እንደሚደበቅም አብሮ ማስረዳት ግዴታው ነው። በሌላው ጫፍ የዩኒቨርስ መስፋት አለ። መስፋቱ እየፈጠነ መሆኑ ከ1998 ጀምሮ ይታወቃል፤ ምክንያቱ ግን አልተገኘም። ዘለላ የሚገኘው በእነዚህ በሁለቱ መሃል ነው፦ ስፋቱ ጥቂት ሚሊዮን የብርሃን ዓመት፣ ክብደቱ ከ100 ትሪሊዮን እስከ 1,000 ትሪሊዮን ፀሐይ። አዲሱ ሕግ ከመደበቂያው የሚወጣበት ቦታ ካለ እዚህ አካባቢ ነው ተብሎ ይጠበቃል።

የጎደለ ነገር እንዳለ መጀመሪያ የተጠረጠረውም እዚሁ ነው። ፍሪትዝ ዝዊኪ በ1933 የኮማ ዘለላን ጋላክሲዎች ፍጥነት ሲያይ በሰከንድ 1,000 ኪሎሜትር ያህል ይወረወራሉ፤ በሚታየው ቁስ ስበት ብቻ ቢሆን ዘለላው ድሮ ተበትኖ ነበር። ዛሬ ሒሳቡ ተስተካክሎ ሲሠራ፣ ከአንድ ትልቅ ዘለላ መጠነ ቁስ ከዋክብቱ 2 ወይም 3 በመቶ፣ ጋዙ 12 በመቶ ገደማ ናቸው። ቀሪው 85 በመቶ ወይ ዳርክ ማተር የሚባለው ጨለማ ቁስ ነው፣ ወይ ስበትን በትክክል አላወቅነውም።

የጋዙ ሚዛን እንዲህ ይሠራል። ጋዙ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዲግሪ ስለሚግል በኤክስሬይ ያበራል። ብርሃኑ የእፍጋቱን ካሬ ስለሚከተል ከምስሉ እፍጋት ይሰላል፤ ከስፔክትረሙ ቅርጽና ከብረት መስመሩ፣ ማለትም በጋዙ ውስጥ ያለው ብረት በአንድ በተወሰነ ጉልበት ላይ ከሚያበራው ብርሃን፣ ደግሞ ሙቀት ይነበባል። ዘለላውን ከማእከል ወደ ዳር በቀለበት በቀለበት መከፋፈል፣ በየቀለበቱ ውስጥ ያሉትን የሌላ ምንጭ ነጥቦች ማውጣት፣ ከፊትና ከኋላ የተደረበውን የውጪ ቀለበት ብርሃን መቀነስ፣ ከዚያ እፍጋቱና ሙቀቱ ወደ ዳር ሲሄዱ ምን ያህል እንደሚያሽቆለቁሉ ማስላት ነው። መጠነ ቁሱ የሚገኘው በአንድ መስመር ነው፦ 37 ትሪሊዮን ፀሐይ ሲባዛ በሙቀቱ፣ ሲባዛ በርቀቱ፣ ሲባዛ በሁለቱ ቁልቁለቶች ድምር። ሙቀቱ በኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ አንዱ 11.6 ሚሊዮን ዲግሪ ይሆናል። ርቀቱ በሜጋፓርሴክ ነው፤ አንዱ 3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ነው። ቁልቁለት ማለት ርቀቱ እጥፍ ሲሆን እፍጋቱ ወደ አንድ አራተኛ ከወረደ 2፣ ወደ አንድ ስምንተኛ ከወረደ 3 የሚባለው ቁጥር ነው።

አንድ ትልቅ ዘለላ እንውሰድ። ከማእከሉ 1 ሜጋፓርሴክ ላይ ሙቀቱ 8፣ የእፍጋቱ ቁልቁለት 2.1፣ የሙቀቱ ቁልቁለት 0.4 ይሁን። 37 ሲባዛ 8 ሲባዛ 2.5፣ 740 ትሪሊዮን ፀሐይ ይሆናል። በዚያው ርቀት ውስጥ ያለው ጋዝ 100 ትሪሊዮን ፀሐይ ይሁን፤ ለዚህ ዓይነት ዘለላ ይህ የተለመደ መጠን ነው። ይህን ምሳሌ እስከ መጨረሻው ይዘነው እንሄዳለን።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ሙቀቱ 10 በመቶ ከተሳሳተ መጠነ ቁሱም 10 በመቶ ይሳሳታል። ሁለቱም በ1999 የተወነጨፉት የኤክስሬይ ቴሌስኮፖች ቻንድራና ኤክስኤምኤም-ኒውተን ደግሞ በጣም ትኩስ ዘለላዎችን ሲለኩ በሙቀቱ ከ10 በመቶ በላይ የሚለያዩበት ጊዜ አለ፤ ከፍ አድርጎ የሚያነበው ቻንድራ ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች የለኳቸውን ዘለላዎች ሳያስተካክል በአንድ ሠንጠረዥ የሚቀላቅል ሰው፣ የስበት ሕግ የመሰለውን የካሊብሬሽን፣ ማለትም የመሣሪያ አለካክ፣ ልዩነት ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ወደ ዳር ሲኬድ ደግሞ ጋዙ ይጓጉላል። ብርሃኑ የእፍጋቱን ካሬ ስለሚከተል ጉብታዎቹ ከድርሻቸው በላይ ያበራሉ፣ የጋዙ መጠንም ካለው በላይ ይመስላል።

አሁን የመጀመሪያውን አማራጭ እንፈትን። ሞርደሃይ ሚልግሮም በ1983 ያቀረበው ሞንድ የሚባለው ሐሳብ፣ ስበት የሚያመጣው ሽምጠጣ (ፍጥነት የሚጨምርበት ልክ) ከ1.2 ሲባዛ 10⁻¹⁰ ሜትር በሰከንድ ካሬ በታች ሲሆን የኒውተን ሕግ ይቀየራል ይላል። በጣም ደካማ በሆነ ስበት እውነተኛው ሽምጠጣ የኒውተኑና የዚህ ቁጥር ብዜት ስኩዌር ሩት ይሆናል። በነጠላ ጋላክሲዎች ሽክርክሪት ላይ ይህ ሕግ ያለ ዳርክ ማተር በሚገርም ሁኔታ ይሠራል፤ ሞንድን ሲተቹ ይህን መዝለል ተገቢ አይመስለኝም። ዘለላው ላይ ግን ሒሳቡን ራሳችን እንሥራው። የ100 ትሪሊዮን ፀሐይ ጋዝ በ1 ሜጋፓርሴክ ላይ የሚሰጠው የኒውተን ሽምጠጣ 1.4 ሲባዛ 10⁻¹¹ ነው። ከኒውተን ወደ ሞንድ ከሚያሸጋግሩት ቀመሮች ቀለል ያለው ሲገባበት 4.8 ሲባዛ 10⁻¹¹ ይሆናል። ጋዙን ለመያዝ የሚያስፈልገው ደግሞ በዚያው መለኪያ ወደ 10.3 ነው። ሞንድ ጉድለቱን በጣም ያጠብበዋል፣ ግን መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከሚፈለገው ስበት ከግማሽ በታች ነው የሚያመጣው። ወደ ማእከሉ ሲጠጉ ጉድለቱ ይብሳል፣ ወደ ዳር ሲሄዱ ይቀንሳል።

ለዚህ ጉድለት ቀርቦ የነበረው መፍትሔ ኒውትሪኖ የሚባለው እጅግ ቀላል ቅንጣት ነበር። እያንዳንዱ ኒውትሪኖ 2 ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣት ክብደትም የሚለካው በዚህ ነው) ያህል ቢመዝን በዘለላው ውስጥ ተጠራቅሞ የጎደለውን ሊሞላ ይችላል ተባለ። ይህን ሐሳብ የምወደው በላቦራቶሪ ሊፈተን ስለሚችል ነው፤ ተፈትኖም ወደቀ። በጀርመን ካርልስሩኸ የሚገኘው የካትሪን ሙከራ በ2022 የኒውትሪኖን ክብደት ከ0.8 ኤሌክትሮን ቮልት በታች አድርጎ ወሰነው፤ በኋላ ወሰኑ ወደ 0.45 ወረደ። ስለዚህ ዛሬ ሞንድን ለዘለላ የሚጠቀም ሰው ሌላ ያልታየ ቁስ መጨመር አለበት፤ ይህ ደግሞ ሞንድ የተወለደበትን ዓላማ ይነካዋል።

ስለ ጥይት ዘለላ ብዙ ስለተባለ በአጭሩ እናልፈዋለን። ሁለት ዘለላዎች ተጋጭተው ተላልፈዋል፤ ጋዛቸው ተላትሞ ወደኋላ ቀርቷል፤ በ2006 የታተመው የሌንስ ካርታ፣ ማለትም ከብርሃን መጉበጥ የተሠራው፣ ግን መጠነ ቁሱ ከጋዙ ጋር ሳይሆን ከጋላክሲዎቹ ጋር እንዳለፈ ያሳያል። ከዋክብቱ ከጋዙ በእጅጉ ያነሱ ስለሆኑ፣ ከሚታየው ቁስ ላይ ብቻ የሚነሳ ሕግ ይህን ለማስረዳት ይቸገራል። አንድ ነገር ግን ማረም ያስፈልጋል። በየቦታው የሚጠቀሰው በሰከንድ 4,700 ኪሎሜትር የጋዙ የድንጋጤ ሞገድ ፍጥነት ነው። ዘለላዎቹ ራሳቸው የሚራራቁበት ፍጥነት በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ሲታይ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ በሞገዱ ፍጥነት ላይ የተገነባ ክርክር፣ ለየትኛውም ወገን ቢሆን፣ መሠረቱ ልክ አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ሚዛን። ከዘለላው ጀርባ ያሉ ጋላክሲዎች ምስል በዘለላው ዙሪያ እንደ ቅስት ትንሽ ይለጠጣል። ለያዝነው ምሳሌ፣ ዘለላው የብርሃኑ ሞገድ በዩኒቨርስ መስፋት የተነሳ በ0.3 እጅ ወደ ቀይ የተለጠጠበት ርቀት ላይ ቢሆን፣ 1 ሜጋፓርሴክ ላይ ልጥጠቱ 6 በመቶ ገደማ ነው። ችግሩ ጋላክሲዎች በተፈጥሯቸውም ክብ አለመሆናቸው ነው፤ የራሳቸው ሞላላነት 30 በመቶ ያህል ነው። አንዱን ጋላክሲ አይቶ ምንም ማለት አይቻልም። ከ0.8 እስከ 1.2 ሜጋፓርሴክ ያለው ቀለበት በሰማይ ላይ 35 ካሬ የቅስት ደቂቃ ያህል ይሸፍናል፤ በካሬ ደቂቃ 20 የኋላ ጋላክሲ ቢገኝ 700 ይሆናሉ። 30 በመቶን ለ700 ስኩዌር ሩት ማካፈል 1.1 በመቶ ይሰጣል። ምልክቱ 6፣ ስህተቱ 1.1፤ በአንድ ቀለበት፣ ለአንድ ዘለላ፣ የመለኪያው ጥራት ወደ አንድ አምስተኛ ነው። በዚህ ላይ ዘለላዎች ክብ ስላልሆኑ፣ ረጅሙ ጎናቸው ወደ እኛ ከዞረ ከብደው፣ ወደ ጎን ከሆነ ቀለው ይታያሉ፤ ይህም 20 በመቶ ያህል ይጨምራል። ለዚህ ነው ሥራው በነጠላ ዘለላ የማይሆነው። 30 በመቶ ስህተት ያላቸው 58 ዘለላዎች ተደርበው ሲታዩ ስህተቱ ወደ 4 በመቶ ይወርዳል፤ በ2015 በኤክስሬይና በሌንስ የተሠራ አንድ የታወቀ ጥናት የደረበው ልክ ይህን ያህል ዘለላ ነበር።

መደረብ የማያጠፋው ስህተት ደግሞ አለ። የዘለላው የራሱ ጋላክሲዎች ተሳስተው ከኋላዎቹ ጋር ከተቆጠሩ፣ እነሱ ምንም አልተለጠጡምና ምልክቱን ያቀጥኑታል። ከመቶ አሥሩ እንዲህ ከሆኑ የሌንሱ መጠነ ቁስ 10 በመቶ ያህል ይወርዳል። ይህ የሚብሰው ጋላክሲዎች በሚታጨቁበት በማእከሉ አካባቢ ነው። መፍትሔው በብዙ ቀለም ፎቶ አንስቶ ርቀታቸውን መገመት፣ አጠራጣሪውንም ያለ ርኅራኄ ማውጣት ነው፤ ቁጥሩ ይቀንሳል፣ ግን እየደረብን ብናበዛው የማይጠፋ ስህተት ከመሸከም ያ ይሻላል።

አሁን ሁለቱን ሚዛኖች የሚለያይ ሕግ እናምጣ። በብዛት የሚፈተነው ኤፍ-አር የሚባለው የስበት ቤተሰብ ነው፤ ከመካከሉ ዌይን ሁና ኢግናሲ ሳዊኪ በ2007 ያቀረቡት ቅርጽ የፈተናው መደበኛ ሆኗል። በዚህ ሕግ ቁስ ከተለመደው ስበት ሌላ አምስተኛ ኃይል ይሰማዋል፤ ስበቱ ቢበዛ በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል። ብርሃን ግን ይህ ጭማሪ አይሰማውም። ስለዚህ ጋዙ 4፣ ብርሃኑ 3 ይመዝናል። ይህ ጭማሪ በፀሐይ አካባቢ የማይታየው ኃይሉ እንደ እስስት ስለሚለዋወጥ ነው፤ በእስስቷ ስም የሚጠራውን ይህን መደበቂያ ጃስቲን ኩሪና አማንዳ ዌልትማን በ2004 ነው ያቀረቡት። የስበት ጉድጓዱ ጥልቅ በሆነበት ኃይሉ ይከለላል፣ ጥልቀት በሌለበት ይወጣል። የምሳሌያችን ዘለላ ጉድጓድ ጥልቀት ሲሰላ 3.5 ሲባዛ 10⁻⁵ ነው። የሕጉ ዋና ቁጥር፣ ማለትም ኃይሉ የሚከለልበትን ጥልቀት የሚወስነው፣ ከዚህ በብዙ ካነሰ ዘለላው ራሱን ይከልላል፣ ፈተናውም ሕጉን ሳያየው ያልፋል። ከላይ የተጠቀሰው የ58ቱ ዘለላዎች ጥናት የደረሰበት ወሰን 6 ሲባዛ 10⁻⁵ መሆኑ የአጋጣሚ ነገር አይደለም፤ የዘለላዎቹ ጥልቀት ራሱ ነው ገደቡን የሚያስቀምጠው።

አሁን የጥርጣሬው ጉዳይ። ጋዙ በሙቀቱ ግፊት ብቻ ተደግፎ ቆሟል ብለን ነው ያሰላነው። ነገር ግን ዘለላ በየጊዜው ሌሎችን እየዋጠ ያድጋል፤ ጋዙም ይናወጣል። ነውጡ ራሱ ግፊት ስለሆነ ከስበቱ የተወሰነውን ይሸከማል። እኛ ግን ሙቀቱን ብቻ ስለምናይ መጠነ ቁሱን ከ10 እስከ 30 በመቶ አሳንሰን እናነባለን። አዲሱ ሕግ የጋዙን ሚዛን ቢበዛ 33 በመቶ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ነውጡ እስከ 30 በመቶ ወደ ታች ይጎትተዋል። ሁለቱም ቢኖሩ ተጣፍተው ክፍፍሉ 1 ሊሆን ይችላል፣ እኛም አይንስታይን አለፈ ብለን እናውጃለን።

በርቀት ለይተን እንየው ቢባልም አያመልጥም። መከለያው በማእከሉ ይጠነክራል፣ ስለዚህ የአዲሱ ሕግ ጭማሪ ወደ ዳር ሲኬድ ያድጋል። ነውጡም በማእከሉ ትንሽ ሆኖ ወደ ዳር ሲኬድ ያድጋል። ቅርጻቸው ይመሳሰላል፣ አቅጣጫቸው ይቃረናል። በእኔ እምነት ከማንኛውም ዘለላ ልኬት ጋር የምልክት መዝገብ አብሮ መያዝ አለበት፦ ነውጥ ክፍፍሉን ወደ ታች፣ የቻንድራ ሙቀት ወደ ላይ፣ የተቀላቀሉ ጋላክሲዎች የሌንሱን መጠነ ቁስ ስለሚቀንሱ ክፍፍሉን ወደ ላይ፣ ወደ እኛ የተዘረጋ ዘለላ ወደ ታች። የስህተቱ መጠን ብቻ ተጽፎ አቅጣጫው ካልተጻፈ አንባቢ የትኛው የትኛውን እንዳጠፋው ማወቅ አይችልም።

ነውጡን በቀጥታ መለካት ይቻላል፣ ግን መሣሪያው ብርቅ ነው። የሚናወጥ ጋዝ፣ ከፊሉ ወደ እኛ ከፊሉ ከእኛ ስለሚሮጥ፣ የብረትን መስመር በዶፕለር ያሰፋዋል። በፐርሲየስ ዘለላ ማእከል አካባቢ ሂቶሚ የተባለችው የጃፓን ሳተላይት በ2016 የለካችው ነውጥ በሰከንድ 164 ኪሎሜትር ነው። መስመሩ ያለው 6,700 ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ስለሆነ ይህ ፍጥነት የሚያሰፋው 3.7 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ነው። የተለመዱት የኤክስሬይ ካሜራዎች መስመሩን ራሳቸው ከ100 ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ስለሚያደበዝዙት ሊያዩት አይችሉም። ሂቶሚ 5 ኤሌክትሮን ቮልት መለየት ትችል ነበር፤ ከተወነጨፈች ከሳምንታት በኋላ ተበላሽታ ጠፋች። በ2023 የተወነጨፈችው ተተኪዋ ሳተላይት ክሪዝም ሥራውን ቀጥላለች። የ164 ኪሎሜትር ነውጥ ከሙቀቱ ግፊት 4 በመቶ ያህል ነው፣ ቸል ሊባል ይችላል። ነገር ግን ግፊቱ የፍጥነቱን ካሬ ስለሚከተል፣ 5 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት በሆነ ጋዝ ውስጥ ነውጡ 500 ቢደርስ 31 በመቶ ይሆናል። ጭንቀቱ ዳሩ ላይ ነው፤ ዳሩ ደግሞ በጣም ደብዛዛ ስለሆነ መስመሩን ለመለካት እጅግ ረጅም የምልከታ ጊዜ ይፈልጋል።

ሌላው መንገድ በክብደት መለየት ነው፣ እኔም ይበልጥ የማምነው በዚህ ነው። ትልልቆቹ ዘለላዎች ራሳቸውን ይከልላሉ፤ ትንንሾቹ አይችሉም። ስለዚህ አዲስ ሕግ ካለ ክፍፍሉ ከከባድ ወደ ቀላል ዘለላ ሲኬድ መጨመር አለበት። ነውጥ ግን ይበልጥ የሚከተለው ዘለላው በቅርቡ ተጋጭቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ነው። የተረጋጉ፣ ምስላቸው ክብ የሆኑ ዘለላዎችን ብቻ ከየክብደቱ መርጦ ማነጻጸር ሁለቱን ይነጣጥላል። መርጦ መለካት የራሱ አደጋ አለው፦ በኤክስሬይ ደምቀው የታዩትን ብቻ ከወሰድን ጋዛቸው የበዛውን መርጠናል። ስለዚህ የመረጣ ደንቡ በሲሙሌሽኑም ላይ እንዳለ መፈጸም አለበት።

ዘለላን በመቁጠርም ይፈተናል። ስበት ሲጠነክር ከባድ ዘለላዎች በዝተው ይፈጠራሉ፤ ኤሮዚታ የተባለው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ በ2024 ይፋ ያደረገው ዝርዝር ከ12,000 በላይ ዘለላ ስላለው ቆጠራው ጠንካራ ነው። ግን እዚህም መዝገቡን ማየት ነው፦ አምስተኛው ኃይል ቁጥራቸውን ያበዛል፣ የኒውትሪኖ ክብደት ደግሞ የቁስን መጠራቀም ስለሚያዘገይ ይቀንሰዋል። አንዱን ዜሮ ብሎ ሌላውን መወሰን አይቻልም።

የመጨረሻው ፈተና በስፔክትረም ላይ ያለው ትንሽ ፈቀቅታ ነው። ከጉድጓድ የሚወጣ ብርሃን ወደ ቀይ ይሳባል። ያ 3.5 ሲባዛ 10⁻⁵ በብርሃን ፍጥነት ሲባዛ በሰከንድ 10 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከማእከሉ ጋላክሲ ጋር ሲነጻጸሩ ሌሎቹ በዚህ ያህል ወደ ሰማያዊ ያዘነበሉ መምሰል አለባቸው። ግን ጋላክሲዎቹ ራሳቸው በሰከንድ 1,000 ኪሎሜትር ወዲያና ወዲህ ይበራሉ፤ ስህተቱን ወደ 3 ለማውረድ ከ100,000 በላይ ጋላክሲ መደረብ ያስፈልጋል። ራዶስላው ዎይታክና ባልደረቦቹ በ2011 ያደረጉት ይህንን ነው፤ 7,800 ያህል ዘለላዎችን ደርበው ምልክቱን አዩት፣ ከአይንስታይን ጋር ተስማማ፣ ሞንድን ወደ አንጻራዊነት ያሳደገው ቴቬስ የተባለው ሕግ ግን ወደቀ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ የቴቬስ አቅራቢ ቤከንስታይንና ባልደረባው ሳንደርስ ስሌቱን ፈትሸው ቴቬስም እንደሚስማማ አሳዩ። ብዙ የቴቬስ ቅርጾችን የጣላቸው በ2017 ከሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ግጭት የመጣው የስበት ሞገድ ነው፤ 130 ሚሊዮን ዓመት ተጉዞ ከብርሃኑ በ1.7 ሰከንድ ብቻ ተለይቶ ደረሰ።

ከዚያ በ2013 ሌሎች ጎታቾች ተገኙ። በፍጥነት የሚሮጥ ጋላክሲ ሰዓቱ ስለሚዘገይ ብርሃኑ ወደ ቀይ ይሳባል፤ በእነዚህ ፍጥነቶች ይህ በሰከንድ 5 ኪሎሜትር ይሆናል፣ አቅጣጫው ከምንፈልገው ምልክት ተቃራኒ ነው። ወደ እኛ የሚመጡ ጋላክሲዎች ደግሞ ትንሽ ደምቀው ስለሚታዩ በዝተው ይቆጠራሉ፤ ይህ ወደ ሰማያዊ ይገፋል። የማእከሉ ጋላክሲ በትክክል ጉድጓዱ ግርጌ ላይ ካልተቀመጠም ምልክቱ ይቀንሳል። 10 የሆነ ምልክት ለማንበብ እያንዳንዳቸው ጥቂት ኪሎሜትር የሆኑትን ሁሉ፣ ከነመደመሪያና መቀነሻቸው፣ አንድ በአንድ አስልቶ ማውጣት ነው።